«ተኝተሃል ወይ?»

በቅርቡ ያረፉት እማማ፣ የሟች ባለቤቴ እናት፣ «እንዴት አደርክ?» ሲሉ ለሰላምታ ብቻ አልነበረም። ልጄ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ሊያልፍ ሲል እጁን ይይዙታል።

«እሱማ ይመስገን። ተኝተሃል ወይ ነው ያልኩህ?»

«ኦማ፣ ፖሊስ ነዎት እንዴ?» ይላቸዋል፣ አያቱን በጀርመንኛ እየጠራ።

«ፖሊስማ እንደኔ አይጠይቅም!» ይሉና ይሳሳቃሉ።

በመጀመሪያ ወንድማቸው፣ በኋላም ልጃቸው፣ የእኔ ባል፣ ሌላው ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰሙ ነበር። ሁለቱንም የጀመራቸው እንቅልፍ ካጡ በኋላ ነው። ዘመድ «ገመናችን አይውጣ» ሲል እማማ ለቤተሰብ ሐኪማችን ሁሉንም ተናገሩ። እሱም «የሚወረሰው ተጋላጭነቱ እንጂ በሽታው አይደለም፤ እንቅልፍ ማጣትና ሀሺሽ ግን ሊቀሰቅሱት ይችላሉ» አላቸው። ስለዚህ ልጄ ፌኸንሃይም በሚባለው ሰፈር ካለ መጋዘን የሌሊት ፈረቃ ሲያገኝ «ቀን ይሥራ፤ ካልሆነ ይቅርበት» ብለው አስተዉት።

በአርባቸው ዕለት ቤታችን በሰው ሞልቶ ሳለ፣ ልጄ ያንኑ ሥራ መቀበሉን ተናገረ። ሁሉም «ጎሽ፣ እናትህን አግዝ!» ብለው መረቁት። እኔ «እንቅልፍህስ?» አልኩት።

«አሌስ ጉት፣ ማማ፣ ሁሉም ደህና ነው» አለኝ፣ ፊቴን ሳያይ። እማማ ቢኖሩ በዚህ መልስ አይለቁትም ነበር።

ዛሬ ጠዋት ከሥራ ተመልሶ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመ።

«ማማ፣ አሁን ጠራሽኝ እንዴ?»

ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም፤ እኔም አልጠራሁትም። ለሐኪሙ ደውዬ የቀጠሮ ቴርሚን ያዝኩለት። እማማ፣ እርስዎ ይረፉ።