አሚን የተባለበትን ለማስመለስ ወደ ሰንበቴ

ከከሚሴ መነሻ፣ ከጠዋቱ 12፡30

እሁድ ጠዋት ከከሚሴ መናኸሪያ ስነሳ እናቴ ያስጠነቀቀችኝ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስኳሩ እንዳይፈስ። ሁለት ኪሎ ስኳርና አንድ ፓኮ ሻይ ቅጠል በፌስታል ይዣለሁ። የምሄደው ሰንበቴ አካባቢ የሚኖሩ እማማ ፋጡማ የሚባሉ አሮጊት ዘንድ ነው። እናቴ የምታውቀው ልዘይራቸውና በረካቸውን ልቀበል እንደምሄድ ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ባለፈው ዓመት ያደረጉልኝን ዱዓ እንዲያስተካክሉልኝ ልለምናቸው ነው የምሄደው። ቀበሌ የተሳሳተ መታወቂያ ለማሳረም እንደሚሄድ ሰው ማለት ነው።

ከመጀመሪያው ልናገር። ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ሲደርሰኝ እናቴ የሰፈሩን ሴቶች ሰበሰበች፤ እማማ ፋጡማም ከሰንበቴ ድረስ መጡ። በእኛ አገር እሳቸው እጃቸውን የዘረጉበት ዱዓ መሬት አይወድቅም ይባላል። "ያ ረቢ፣ ይቺን ልጅ ዶክተር አርጋት" አሉ። ቤት ሙሉ ሴት "አሚን" አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ሰሚራ መሆኑ ቀርቶ ዶክተር ሆነ። ገና ደብተር ሳልገዛ ጉልበቱን የሚያሳየኝ፣ የላብራቶሪ ወረቀት የሚያስነብበኝ ጎረቤት በዛ።

አሁን የመጀመሪያ ዓመት ጨርሼ ለእረፍት መጥቻለሁ። የትምህርት ክፍል ምርጫዬን እስከ ነገ ሰኞ በስልኬ ሞልቼ መላክ አለብኝ። ውጤቴ ለሕክምና ይበቃል፤ ችግሩም እሱ ነው። ባይበቃ ኖሮ "አላህ አላለውም" ብዬ እገላገል ነበር። ልቤ ግን ወደ ነርስነት ሸፍቷል። አንድ ቀን ሆስፒታል ለጉብኝት ወስደውን ሐኪሞቹ ከአልጋ ወደ አልጋ ሲያልፉ እኔ ወደ ኋላ ቀረሁ። አንዲት ነርስ የአንድ ሽማግሌን የደረቀ ከንፈር በእርጥብ ፋሻ ታረጥብ ነበር። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ልክ እንደ ሕፃን አፋቸውን ከፈቱ። ያን ቀን ወደ ዶርም የተመለስኩት ሌላ ሰው ሆኜ ነው።

ግን ደግሞ ራሴን አላምነውም። ነርስነትን ወድጄ ነው ወይስ የሕክምናውን ርዝመት ፈርቼ? ሌሊት ስተኛ ወድጄ ነው እላለሁ፤ ጠዋት ስነሳ ፈሪ ነሽ እላለሁ። በዚህ ላይ ያ ሁሉ አሚን አለ። ቤት ሙሉ ሰው አሚን ያለበትን ነገር በስልክ ቁልፍ መሻር ይቻላል?

ጨፋ ሮቢት፣ 1 ሰዓት

የሚኒባሱ ዋጋ እስከ ሰንበቴ መቶ ሃምሳ ብር ነው። ከከሚሴ ወደ ደቡብ ሲወጣ የጨፋ ሜዳ በግራ በኩል ይዘረጋል፤ ዝናቡ ስለጣለ ሣሩ የከብቶቹን ሆድ ይነካል። የቦርከና ወንዝ ሞልቶ በየቦታው ተኝቷል። ማሽላው ገና ጉልበት አልደረሰም። ይህን መንገድ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ዛሬ ግን መስኮቱን የያዝኩት ሰው እንዳያናግረኝ ነበር።

አልሆነም። ጨፋ ሮቢት ላይ ዶሮ ያቀፈች ሴትዮ ገብታ አጠገቤ ተቀመጠች። "አካም ቡልቴ?" አለችኝ፤ እንዴት አደርሽ ማለቷ ነው። "ናጋ፣ ደህና፣ አልሐምዱሊላህ" አልኩ። ትንሽ ቆይታ ፊቴን አስተውላ "አንቺ የከሚሴዋ ዶክተር አይደለሽም?" አለች። ገና ተማሪ መሆኔን ብነግራት "ኢንሻአላህ ትሆኛለሽ፣ ዱዓ ተደርጎልሻል አሉ" ብላ ዶሮዋን ጭኔ ላይ አስቀመጠችና ስለ ወገቧ ትነግረኝ ጀመር። እስከ ካራቆሬ ድረስ ዶሮዋን እኔ ያዝኩ። ጤና ጣቢያ እንድትሄድ ደጋግሜ ነገርኳት፤ እሷ ግን መድኃኒቱን እንደደበቅኩባት ሁሉ ቅር ብሏት ወረደች።

ኬላ ላይ ደግሞ ፈታሹ የተማሪ መታወቂያዬን አየና "ጤና ሳይንስ" ብሎ አነበበ። ከዚያ አፉን ከፍቶ መንጋጋውን አሳየኝ። መኪናው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ሰው ሁሉ የሚያየው እኔ የማላየውን ሰው ነው።

ሰንበቴ ገበያ፣ 2፡30

የሰንበቴ ገበያ ሞቋል። አፋሮቹ ግመልና ፍየል ነድተው ከቆላ መጥተዋል፤ ከደጋው የወረዱት ደግሞ እህላቸውን ዘርግተዋል። አንድ ፈጢራ በስልሳ ብር በላሁ፤ ማሩን በስስት ነው የቀቡት። እናቴ በነገረችኝ መሠረት የእማማ ፋጡማን ምራት ዘሀራን ፈለግኳት። እሁድ እሁድ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ እርጎ ትሸጣለች። ጠይም፣ ፈጣን፣ አንድ ወሬ ጀምራ በሌላ የምትጨርስ ሴት ናት።

"የሰዓዳ ልጅ!" አለች የእናቴን ስም ጠርታ። "ኮቱ፣ ኮቱ፣ ነይ፣ እዚህ ጋ ታኢ፣ ቁጭ በይ። እንደውም በሰዓቱ መጣሽ። እማማ ዓይናቸው አላስተኛ ብሏቸው አደሩ። ዛሬ ልነቅልላቸው ነው።"

ምን እንደምትነቅል አልጠየቅኩም። እርጎው እስኪያልቅ ጠበቅኳት፤ ከዚያ ጥርጊያው መንገድ እስከሚያልቅበት በባጃጅ ሄድን። ከዚያ ወዲያ አርባ ደቂቃ ያህል ዳገት በእግር ነው። ዘሀራ ባዶ ቅሏን አዝላ ከፊቴ ትሄዳለች፤ እኔ ስኳሬን ይዤ አለከልካለሁ። "ዶክተር ስትሆኚ መኪና ይዘሽ ነው የምትመጪው፤ ያኔ መንገዱም ይሠራ ይሆናል" አለች። ፌስታሉን ወደ ሌላኛው እጄ አዛወርኩ።

እማማ ፋጡማ ቤት፣ 5 ሰዓት

እማማ ፋጡማ ግድግዳውን ተደግፈው፣ የነጠላቸውን ጫፍ ዓይናቸው ላይ ይዘው ተቀምጠዋል። ባለፈው ዓመት ቤታችን ሲመጡ ግዙፍ መስለውኝ ነበር፤ አሁን ሳያቸው ትንሽ ናቸው። ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ እየታጠፈ ብሌናቸውን ይወጋቸዋል። ዘሀራ በየሁለት ሳምንቱ በወረንጦ ትነቅልላቸዋለች። ተመልሶ ይበቅላል፤ እንደገና ትነቅላለች።

ስሜን ስነግራቸው እንባ በሞላው ዓይናቸው ሊያዩኝ ሞከሩ። "ዶክተሯ! በይ ዛሬ አንቺ ንቀይልኝ" አሉ።

እጄን ሰበሰብኩ። "እማማ፣ አልችልም። ገና ምንም አልተማርኩም። ዓይንዎን ብጎዳስ?"

"እንግዲያው ራሳቸውን ያዥልኝ" አለች ዘሀራ። ወረንጦውን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ እንድታጥበው አደረግኳት፤ እጄንም ታጠብኩ። ከዚያ እማማ ፋጡማ ራሳቸውን ጭኔ ላይ አደረጉ። አንድ እጄን ግንባራቸው ላይ፣ አንዱን ከጉንጫቸው ሥር አድርጌ ያዝኩ። መጀመሪያ አንገታቸው ደርቆ ነበር። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ዘሀራ ከመንቀሏ በፊት በጆሯቸው "አሁን ነው" እያልኩ እነግራቸው ጀመር። አንገታቸው ቀስ በቀስ ላላ። ሦስተኛው ሽፋሽፍት ላይ ነጠላቸውን የጨበጠው እጃቸው ተፈታ።

"አጀብ ነው" አለች ዘሀራ። "ሌላ ጊዜ አሥር ጊዜ ይነሱብኛል።"

ደስ አለኝ። ያን ያህል ደስታ ፈተና አልፌም አላገኘሁት። ወዲያው ደግሞ ደስታዬ አሳፈረኝ። ጭንቅላት መያዝ ምን ያድናል? ሽፋሽፍቱ እንደሆነ ተመልሶ ይበቅላል። የሚያድናቸው የዓይን ቆባቸውን ቆርጦ የሚያቀናው ነው። ጤና ጣቢያ ይህን ቀዶ ጥገና እንደሚሠሩ ስነግራቸው እማማ ፋጡማ እንደሚያውቁ ነገሩኝ። "አንቺን ነው የምጠብቀው። አንቺ ዶክተር ስትሆኚ ትቆርጪልኛለሽ" አሉ።

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። የመጣሁበትን ነገር ሳልቆርጥ ሳልቀጥል ተናገርኩ፤ ሆስፒታሉን፣ ሽማግሌውን፣ ነገ ስለምልከው ምርጫ፣ ስለ አሚኑ። በመጨረሻም "ዱዓውን ያስተካክሉልኝ" አልኩ።

እማማ ፋጡማ ተነስተው ተቀመጡ። "ዱዓ ልብስ መሰለሽ፣ ሰፊ ጋ ወስደሽ አጥብቡልኝ የምትይው?" አሉ። "አንቺስ ያን ቀን የት ነበርሽ?"

"እዚያው ነበርኩ።"

"አሚን አላልሽም?"

"ብያለሁ።"

"በሆድሽ ነው በአፍሽ?"

"በአፌ። ጮክ ብዬ።"

"ለምን አልሽ ታዲያ?"

"ሁሉም ሰው ሲል ነው ያልኩት።"

"የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም" አለች ዘሀራ ሳቋን በነጠላዋ ሸፍና።

እማማ ፋጡማ ግን አልሳቁም። "እኔ የለመንኩት እናትሽ በጆሮዬ የነገረችኝን ነው። ያንቺን ማን ነገረኝ? በይ፣ እጅሽን ዘርጊ። ዛሬ አንቺ ለምኚ፤ እኛ አሚን እንላለን።"

በአገራችን ትልቅ ይመርቃል፣ ትንሽ አሚን ይላል። ተገላብጦ አይቼ አላውቅም። እምቢ ብልም አሮጊቷ እጃቸውን ዘርግተው ጠበቁኝ፤ ዘሀራም ዘረጋች። እኔም ዘረጋሁ። "ያ ረቢ" አልኩ። ነርስ ልበል? ዶክተር ልበል? እነዚህ ቀይ ዓይኖች እየጠበቁኝ ነርስ ብል ጥያቸው የሄድኩ መሰለኝ፤ ዶክተር ብል ደግሞ የዋሸሁ። ውጭ ፍየል ትጮሃለች።

"ያ ረቢ፣ ግራ ገብቶኛል" አልኩ።

"አሚን" አሉ ሁለቱም።

ሳቄ መጣ፤ ከዚያ እንባዬ መጣ። በግራ መጋባቴ ላይ አሚን ተባለበት ማለት ነው። እማማ ፋጡማ መዳፋቸውን ፊታቸው ላይ አሳለፉና "ይሄ እውነት ነው። ካለፈው ዓመቱ ይሻላል። ሌላው ሲገለጥልሽ ደግሞ ደግመሽ ትለምኛለሽ፤ ግን ጆሮ እየሰማ ይሁን" አሉ።

የማሽላ እንጀራ በእርጎ በላን። ልነሳ ስል አንድ ነገር ለመንኳቸው፤ እኔን እንዳይጠብቁ። ማንም እስኪማር ዓይን አይጠብቅም። የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው መለሱና "ምላጩን አይደለም የምፈራው። እዚያ ብቻዬን መጋደሙን ነው። ራሴን የሚይዝልኝ ካለ እሄዳለሁ" አሉ። ዘሀራን ተመለከትኳት። "እት ዘሀራ፣ ግንባራቸውን እንዲህ አድርገሽ፣ ቀድመሽ እየነገርሻቸው" ብዬ አሳየኋት። ረቡዕ ይዣቸው እሄዳለሁ አለች።

መመለሻ፣ ከ9 ሰዓት በኋላ

በመልስ መንገድ ዶሮም ጥርስም አላጋጠመኝም። የሄድኩት ሸክም ላራግፍ ነበር፤ የተመለስኩት የእማማ ፋጡማን ዓይን ጨምሬ ነው። ስሄድ እንደነበርኩት አሁንም ግራ እንደገባኝ ነኝ። ልዩነቱ አሁን ግራ መግባቴን ሁለት ሰዎች መስማታቸው ብቻ ነው።

ከሚሴ፣ ከመግሪብ በኋላ

እናቴ ምስር እየለቀመች ነው። "በረካቸውን አገኘሽ?" አለችኝ። አጠገቧ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። ሰፌዱን አስቀመጠች።

"ዶክተር በሏት ያልኳቸው እኔ ነኝ" አለች። "አንቺን ሳምጥ ሆስፒታል ሁለት ቀን 'ዶክተሩ እስኪመጣ' ሲሉኝ ከረሙ። ዓይኔ በር በር ሲያይ ነው የከረመው። ያ በር ተከፍቶ የምትገባዋ የኔ ልጅ ትሁን ብዬ ነው።"

ይህን ነግራኝ አታውቅም።  ግን እማማ ፋጡማ ዘንድ የጠፋኝ ቃል በዚያ ሰዓት መጣልኝ። ፍርሃቴ አልጠፋም፤ ፍርሃቱም ፍላጎቱም አብረው እንደነበሩ ነው የገባኝ። እጄን ዘረጋሁ። "ያ ረቢ፣ ደህና ነርስ አድርገኝ" አልኩ፣ ጆሮ እየሰማ።

እናቴ ሰፌዷን አንስታ ምስሯን ቀጠለች። አሚን ስትል አልሰማሁም።

ሰኞ ጠዋት ስልኬን ይዤ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። አንደኛ ነርሲንግ፣ ሁለተኛ ሕክምና ብዬ ሞላሁ። የሚቀረው መላኩ ነው፤ ጣቴ እምቢ አለኝ። አንድ ዓመት ሙሉ የሰው አፍ ነው የመረጠልኝ፤ ብሳሳት እንኳን በሌላ ላይ ማላከክ ይቻል ነበር። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ነገር ቢኖር ይሄው ነው፤ የራስን ልመና ራስ መናገር ያስፈራል።

እናቴ ሻይ ይዛልኝ መጣች። "እማዬ፣ አሚን በይልኝ" አልኳት።

"ማታ ብያለሁ።"

"እኔ አልሰማሁም።"

"አንቺ እንድትሰሚው አይደለም ያልኩት" አለችና ጎንበስ ብላ ስልኩን አየች። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ጣቷን በቀሚሷ ጠረገች።

"የቱ ጋ ነው የሚነካው?"

አሳየኋት።