መምህርት ሀብትነሽ ዝም ያለች ዕለት

ሀብትነሽ ወሬ ትወዳለች ብል ሐሜት አይሆንብኝም፤ ራሷም ትናገረዋለች፣ ያውም በሰፊው። መተማ ውስጥ፣ ከገንዳ ውሃ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍልን ሒሳብ ታስተምራለች። ባሏ ሸጋው ጎንደር ውስጥ ልብስ ሰፊ ነው። ከተጋቡ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል፤ አብረው የኖሩት ግን የበዓል ሰሞንና ክረምቱን ብቻ ነው። የቀረው ትዳር በስልክ ነው። ታዲያ ሀብትነሽ ከዚህች ዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ወደ ጎንደር መዛወር።

ዝውውር ነጥብ ይፈልጋል፤ ነጥብ ደግሞ ጥናት ይፈልጋል። መምህር ሁሉ በየዓመቱ «የመማር ማስተማሩን ውጤታማነት ለማሻሻል» ምርምር ይሥራ ተብሏል። ተብሏል እንጂ ማን ይሠራል? ጥናት ከጓደኛ ፍላሽ ላይ ይገለበጣል፣ የትምህርት ቤቱ ስም ይቀየራል፣ ኸላስ፣ አለቀ። ግኝቱም ሁልጊዜ ያው ነው። ጥፋቱ የወላጅ ነው፣ የሰሊጥ አጨዳው ነው፣ የሙቀቱ ነው፣ የተማሪው ስንፍና ነው። አስተማሪ ያጠፋበት ጥናት በዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው።

ሀብትነሽም እንደ ወጉ፣ ደጋ ደባርቅ ከምታስተምር ጓደኛዋ አንድ ጥናት አስላከች። ሳታነበው ስሙን ቀየረችና ሚያዝያ ላይ ከመምህራኑ ፊት ቆመች። ሱፐርቫይዘሩ አቶ አምባው ሸሚዛቸውን ከደረታቸው ከፍተው በደብተር እያራገቡ ያዳምጣሉ። እሷም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች፤ ተማሪዎች የሚያረፍዱት «በከባድ የጠዋት ውርጭ» ምክንያት ሲሆን፣ መፍትሔውም ወላጆች ለልጆቻቸው ጋቢ እንዲገዙ ማድረግ ነው።

የመተማ ውርጭ! ዶሮ እንኳ ከጥላ በማይወጣበት በሚያዝያ ወር!

«ልጄ፣» አሉ አቶ አምባው፣ «ይህ ውርጭ የት ሰፈር ነው? ንገሪኝና ሄጄ ልተኛበት።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ገብታ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። አቶ አምባው ግን ክፉ ሰው አይደሉምና በግንቦት መጨረሻ ሌላ ጥናት ይዛ እንድትመጣ ፈቀዱላት።

የሚያናድደው፣ የስድስተኛ ክፍሉ መምህር ደረበ ያንኑ ጥናት ይዞ ከምሳ በኋላ ቀረበ። ብልጥ ስለሆነ «ውርጭ» የሚለውን ሁሉ «ሙቀት» ብሎ ለውጦታል። ጋቢውን ግን ረስቶታል። ሙቀቱ ስለበረታ ጋቢ ይገዛ! አቶ አምባው በምሳው ጥጋብ እንቅልፍ ሸለብ አድርጓቸው ነበርና ደረበ በጭብጨባ አለፈ።

ሀብትነሽ ደሟ ፈላ። «እንግዲያው የእውነት አጠናለሁ!» ብላ ፎከረች። «እነዚህ ልጆች ምን ዓይነት ረባሾች እንደሆኑ አሰማቸዋለሁ!» በማግስቱ ስልኳን መስኮቱ ላይ አስቀምጣ፣ ሳትነግራቸው ድምፅ ስትቀዳ አረፈደች። ቀትር ላይ ኒም ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጣ ማስረጃዋን ከፈተች።

ረባሽ የለም። አንዲት ሴት አለች፤ አፏን የማትዘጋ። «ስድስት ጊዜ ሰባት ስንት ነው?» ትላለች ሴትዮዋ። ልጆቹ አየር እንኳ ሳይስቡ ራሷው፣ «አርባ ሁለት! ገባችሁ?» ትላለች። ልጆቹ በአንድ ድምፅ፣ «ገብቶናአአል!» ሌላ ጥያቄ፤ መልሱም ከራሷ፤ «ገባችሁ?» «ገብቶናአአል!»

«ይቺ ለፍላፊ ደግሞ ማን ናት?» አለች ሀብትነሽ። ወዲያው አወቀቻት። ጉድ በል ጎንደር! ራሷ ጠያቂ፣ ራሷ መላሽ፣ ራሷ ፈራጅ። ብቻዋን ተቀምጣ ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

በማግስቱ ክፍል ገባችና፣ «ስድስት ጊዜ ሰባት ስንት ነው?» ብላ ዝም አለች። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እሷን ግን ሊገድላት ደረሰ። መልሱ ምላሷ ላይ መጥቶ አውጪኝ አውጪኝ ይላል። ጠመኔውን በሁለት እጇ ጨምቃ ያዘች። ልጆቹ ተያዩ። አንዱ፣ «ወባ ተነሥቶባቸው ነው» ብሎ አንሾካሾከ። እሷ አሁንም ዝም።

በመጨረሻ ረፊቃ ተነሣች። ረፊቃ ዓመቱን ሙሉ ከ«ገብቶናል» በቀር ቃል ያልተነፈሰች ልጅ ናት። «አርባ ዘጠኝ» አለች።

«እንዴት አገኘሽው?»

«ሰባት ብዬ ጀመርኩ፤ ከዚያ ስድስት ሰባቶች ጨመርኩበት።»

«እኔም አርባ ዘጠኝ ነው!» «እኔም!» እጅ በእጅ ላይ ተነሣ። የክፍሉ ግማሽ የመጀመሪያዋን ሰባት ሳይቆጥር ኖሯል።

«ታዲያ ዓመቱን ሙሉ ገብቶናል ስትሉኝ የነበረው ምንድን ነው?»

«ገባችሁ ሲሉን ነዋ፣ ቲቸር!» አለች ረፊቃ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሀብትነሽ ትጠይቅና ምላሷን ነክሳ ትጠብቃለች። ልጆቹ መጀመሪያ ፈሩ፣ ቀጥለው ተሳሳቱ፣ ቀጥለው እርስ በርስ መከራከር ጀመሩ። በግንቦት ፈተና ማባዛቱን አብዛኞቹ ራሳቸው ሠሩት። እስከ ማቅረቢያው ቀን ድረስ ደስታዋን ለማንም ያለማውራት ግን ከማባዛት የከበደ ሆኖባት ነበር።

ጥናቷን ስታቀርብ፣ «የችግሩ ምንጭ» የሚለው ላይ ደረሰችና «መምህርቷ» ብላ አነበበች። የተቀዳውን ድምፅም ከፈተችላቸው። ደረበ ከወንበሩ ተነሥቶ፣ «ኧረ ቲቸር፣ ምነው ገመናችንን! ነገ እኛንም ራሳችሁን ቅዱ ሊሉን አይደል?» አለ። አቶ አምባው ግን በዚያ ቀን አልተኙም። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰሙና ቆመው አጨበጨቡላት። ሀብትነሽ በልቧ ሻንጣዋን ማሰር ጀመረች።

ሰኔ ላይ የተዛዋሪዎች ስም ተለጠፈ። ደረበ ወደ ጎንደር። ሀብትነሽ የለችም።

እየሮጠች አቶ አምባው ዘንድ ሄደች። «እርስዎ አጨብጭበውልኝ አልነበረም ወይ?»

«ለዚህ እኮ ነው ልጄ!» አሉ እሳቸው፣ ከልባቸው እየተደሰቱ። «እኔው ነኝ እንዳትሄድብን ብዬ አለቆቼን የለመንኩት። አንቺን ለጎንደር ሰጥተን ደረበን ታቅፈን እንቅር? መስከረም ላይ መምህራኑን ሁሉ ታሠለጥኛለሽ።»

ውርጩን እንደ ደረበ ትንሽ ብታስተካክለው ኖሮ ዛሬ ከባሏ ጋር ነበረች። እያለቀሰች፣ ጥናት የሚባለውን ነገር ከነፈጣሪው እየረገመች ወጣችና ለሸጋው ደወለች።

«አልተፈቀደልኝም» አለችው። ከወዲያ የስፌት መኪናው ድምፅ ይሰማታል። «አንተስ ለምን ወደዚህ አትመጣም?» አለች፤ ወዲያውም እንደ ልማዷ «አውቃለሁ፣ ሙቀቱ ነው፣ ወባው ነው፣ ደንበኞችህ ናቸው» ልትል አፏን ከፈተች።

መልሳ ዘጋችው። ጠበቀች።

የስፌት መኪናው ቆመ። ሸጋው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እመጣለሁ» አለ። «ሰው እዚያም ይለብሳል፤ መኪናዬን የሚጭን አይሱዙ እፈልጋለሁ።»

«ታዲያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ምን ዘጋህ፣ አንተ ጉደኛ!» ብላ እንባዋን እየጠረገች ጮኸችበት።

«መች አስተነፈስሽኝ!» አላት።