የልብስ ሰፊው በረዶ

ጎባ ላይ ብርድ የሚገዛ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር፤ ጎረቤቴ ኃይለመስቀል እስኪገዛ ድረስ። በጃንሆይ ጊዜ፣ ባሌ ጠቅላይ ግዛት በሆነች ሰሞን ነው። ኃይለመስቀል ልብስ ሰፊ ነበር፤ ገበያው ዳር የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የመንግሥት ጸሐፊዎችን ያረጀ ካፖርት ውስጡን ወደ ውጭ ሲገለብጥ ይውላል። ሲናገር ቁጥብ፣ ሲሰፋ ፈጣን። ልጅ አልወለደም። ያለችው ሚስቱ ወለተኢየሱስ ብቻ ነበረች።

ወለተኢየሱስን የስኳር በሽታ ያዛት። አዲስ አበባ ወስዶ አሳከማት፤ በየጠዋቱ የሚወጋት ኢንሱሊን ሰጡት፣ አወጋጉንም አስተማሩት። ሐኪሙ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጠው አለው፤ ሌላ አልጨመረም። ያቺ ግማሽ ቃል ዛሬም ታናድደኛለች። የቀረውን ግማሽ ማን ይንገረው?

እሱ ቃሉን እንደ ንስሐ አባት ትእዛዝ ያዘው። በቅሎውን ሸጦ በነጭ ጋዝ የሚሠራ ማቀዝቀዣ በጭነት መኪና አስመጣ። ሰፈሩ ሳቀበት። ከሳነቴ ተራራ የሚወርደው ጉም ቤታችን ድረስ እየገባ በሚያንቀጠቅጠን አገር፣ ብርድ መግዛት ለቀባሪው ማርዳት አይደለም ወይ?

ማቀዝቀዣው ከሥሩ ፋኖስ አለው፤ እሳቱ ከፍ ሲል ውስጡ ይበልጥ ይበርዳል። የበሩ ላስቲክ ደግሞ መንገድ ላይ ተቀዶ ስለነበር እርጥቡ አየር እየገባ በረዶ ይጋግራል። በረዶው ወፍሮ ወፍሮ የመድኃኒቱን ብልቃጦች ዋጣቸው። ኃይለመስቀል ደስ አለው። ጠዋት ጠዋት አንዱን በቢላ ፈልፍሎ ያወጣና በብብቱ አሟሙቶ ይወጋታል። እንዲህ ያለ ባል ከየት ይገኛል ይሉ ነበር ሴቶቹ፤ እውነታቸውን ነው።

እሷ ግን በማገገም ፈንታ ከሳች። ውሃ ጠጥታ አትረካም። እሱ መድኃኒቱ ሞቆ ይሆናል ብሎ ፋኖሱን ከፍ አደረገው። ባሰባት። አሁንም ከፍ አደረገው። ሐኪም ቤት እንውሰዳት ስንለው፣ የአዲስ አበባ መድኃኒት እጄ ላይ እያለ የጎባው ምን ይጨምርላታል ብሎ እምቢ አለን። ሐምሌ ላይ ቀበርናት።

አርባዋ እንደወጣ፣ የተረፈው መድኃኒት ለነፍሷ ምጽዋት ይሁን፣ ሌላ በሽተኛ ይዳንበት ብሎ የጎባ ሐኪም ቤቷን ነርስ ኦብሴን ቤቱ ጠራት። የሮቤ ልጅ ናት፣ ሰው አክባሪ። እኔም ነበርኩ። ማቀዝቀዣውን ከፍታ በረዶውን ስታይ ደርቃ ቀረች።

«ኦቦ ኃይለመስቀል፣ መድኃኒቱን እንዲህ በረዶ አድርገው ነበር የሚያስቀምጡት?»

«እንደ ድንጋይ። አንድም ቀን ሞቆባት አያውቅም።»

ኦብሴ ማቀዝቀዣውን ዘግታ ልትወጣ ስትል፣ ምነው ብሎ አልለቀቃትም። ቀስ ብላ ነገረችው። ኢንሱሊን አንዴ በረዶ ከሆነ ጉልበቱ ይጠፋል፤ መልሶ ቢሟሟም አይረዳም። ማቀዝቀዣ በረዶ ሲጋግር እሳቱን አጥፍቶ፣ በሩን ከፍቶ በራሱ እንዲቀልጥ መተው፣ ላስቲኩን መለወጥ፣ ከዚያ ፋኖሱን ዝቅ አድርጎ ማብራት ነው። ለጎባማ ፀሐይ የማይገባበት ጓዳ ብቻ ይበቃ ነበር አለችው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ኃይለመስቀል አላለቀሰም። ኦብሴንም እኔንም አላየንም።

«በመጨረሻዋ ጠዋት ‹ተወኝ፣ አልረባኝም፣ አትውጋኝ› ብላ ለመነችኝ» አለ። «እጇን ይዤ ወጋኋት።»