ፍላሹን ከአንገቱ የማያወርደው ሰው

በሐይቅ ዳሯ የኪሱሙ ከተማ ለዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች «የጥናት መረጃችሁን ለሁሉም ክፍት አድርጉ» የሚል ሥልጠና ስንሰጥ፣ አንድ ጠና ያለ ሰው ሁልጊዜ ጥግ ይዞ ይቀመጥ ነበር። ፍላሹን በክር አስሮ ከሸሚዙ ሥር አንገቱ ላይ ያንጠለጥለዋል፤ ሰው ከኋላው ካለፈ ላፕቶፑን ይከድናል። ለሻይ ሲወጣም ታቅፎት ነው።

አብራኝ የምታሠለጥነው አኮት፣ «እንደ እንቁላል ታቅፎ ሊፈለፍለው ነው እንዴ? የሰረቀው ጥናት ቢሆን ነው እንጂ!» አለችኝ። እኔም ጠረጠርኩት።

በመጨረሻው ቀን ጠጋ ብዬ፣ «ፕሮፌሰር፣ የሐይቁን ዓሣ መረጃዎን ለምን አያጋሩንም?» አልኩት።

«አጋርቼ ነበር፣ ልጄ። ከውጭ የመጡ ተመራማሪዎች ወስደው በስማቸው አሳተሙት፤ እኔ የራሴን ሥራ ባወጣ ሌባ ተባልኩ።»

«እኛ የመረጃ ማስቀመጫ ላይ ግን መረጃውን ያስገባው ሰው ስም ከነቀኑ ይመዘገባል።»

ትኩር ብሎ አየኝ። «ማስቀመጫው ራሱ ማን ቤት ነው ያለው?»

ባሕር ማዶ መሆኑን አውቃለሁ፤ ልሰጠው ያወጣሁትን ቅጽ መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።