ዶሮ የታቀፈችው ዓሣ

የሞቀ ገለባና የዶሮ ላባ በሸተተኝ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ዓሣ ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ ይሳቅ። ንፋስ መውጫ ተወልዶ ላደገ ሰው ስለ ብርድ የሚያስተምረው የለም፣ እኔ ደግሞ በዚያ ብርድ ውስጥ የሙቅ አገር ዓሣ አሳድጌአለሁ።

ዓሣውን ያመጣልኝ አይሱዙ የሚነዳው አጎቴ ዋለ ነበር። ገብሱ ቢጫ ሆኖ አጨዳ ሊጀመር ሲል፣ ከአዲስ አበባ ሲመለስ፣ አፈ ሰፊ የማርማላታ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልሎ ጋቢናው ውስጥ አስቀምጦ አመጣልኝ። ውስጡ ያለው ከጣቴ የማይበልጥ ቀይ ዓሣ ነበር፣ ጭራው ደግሞ ከሰውነቱ ይበልጥ ነበር። የእናቴን መስታወት ሳስጠጋለት የራሱን መልክ እንደ ጠላት እያየ፣ ጉንጩን ነፍቶና ክንፉን ዘርግቶ ይንጎራደድ ነበር። አባቴ «ይኼስ ፎካሪ ነው» አለና ስሙ በዚያው ፎካሪው ሆኖ ቀረ፤ ማታ ከገበያ ሲገባም ከእኛ አስቀድሞ የፎካሪውን ደኅንነት ይጠይቅ ነበር።

ጥር ላይ ታመመ። የጥምቀት ዕለት እናቴ ጸበል በጆግ ይዛ ገባችና፣ ልጄ የምትወደው ነገር ይባረክልኝ ብላ ጠርሙሱ ውስጥ ጨመረችበት። ጸበሉ ምን ያደርገዋል፣ የጎዳው ውርጭ ያደረበት ውሃ መሆኑ ነው። ፎካሪው ጠርሙሱ ግርጌ ተጋደመ፣ የጭራውም ጫፍ እየነጣና እየተበላ ሄደ፣ መስታወቱን ሳሳየው ዘወር ብሎ አያይም ነበር። እናቴ «ምነው እጄን በሰበረው» እያለች ጠርሙሱን ትዞረው ነበር።

ለአጎቴ ደወልንለት። «ውሃው ለብ ይበል፤ ቶሎ ቶሎ ቀይሩለት፤ ቆንጠር አድርጋችሁ ጨው ጨምሩበት። ከበረደው ግን አለቀለት» አለ። ምክሩ ጥሩ ነበር፣ ቤታችን ግን አልሰማውም። ጠርሙሱን ወደ ምድጃው ሳስጠጋው ውሃው ይፈጃል፣ ሳርቀው ይቀዘቅዛል፤ ብርድ ልብስ ውስጥ አቅፌው ልተኛ ብዬም ፍራሹን አርሼ ተቆጡኝ። አባቴ ራሴን እየዳበሰ «ተይው ልጄ፣ ዋለ ሌላ ያመጣልሻል» ይለኝ ነበር። ንግግሩ ያናድደኝ ነበር። የታመመው ይኼኛው ሆኖ ሳለ ሌላው ምን ያደርግልኛል?

ዓቢይ ጾም ሲገባ፣ እንቁላል የሚበላ ስለሌለ፣ እናቴ ገብስማዋን ዶሮ አሮጌ እንቅብ ውስጥ ገለባ አንጥፋ አስታቀፈቻት። በዚያው ሰሞን እኔን ያዋለዱት ጎረቤታችን እማማ የሺ መጡና ጠርሙሱን አንሥተው አዩ።

«ይኼ አይተርፍም» አሉ። «ልጅቱን በከንቱ አታድክሚያት፣ አውጥተሽ ጣይው።»

እናቴ ምስር ትለቅም ነበር። ከሰፌዱ ቀና ሳትል «ስለዚችም እንዲሁ ብለውኝ ነበር» አለች።

ዘጠኝ ወር ሳይሞላኝ መወለዴን፣ እናቴም ያን ክረምት ደረቷ ላይ አስራኝ መክረሟን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። እማማ የሺ ነጠላቸውን አስተካከሉ። እናቴ ግን ሰፌዱን አስቀምጣ ተነሣች፣ የጠርሙሱን አፍ በስስ ጨርቅ አስራ፣ ሄዳ ከገብስማዋ ክንፍ ሥር ከእንቁላሎቹ ጎን አቆመችው። ዶሮዋ አንድ ጊዜ አጉረመረመችና ላባዋን ነፍታ ጠቅልላ ያዘችው።

ከዚያ ወዲያ ጠርሙሱን ከእናቴና ከእኔ በቀር የሚነካው አልነበረም፣ አባቴም ሊያይ ብሎ እጁን ሰዶ በዶሮዋ ተነክሶ ተመልሷል። ጠዋት ጠዋት ለብ ያለ ውሃ እቀይርለታለሁ፣ ከዝናብ በርሜሉ ግርጌ የትንኝ እጭ እየለቀምሁ እሰጠዋለሁ፣ ሲተፋው ነገ ይበላል እያልሁ መልሼ እሄዳለሁ። የሰፈሩ ልጆች «ዓሣሽ ጫጩት ፈለፈለ ወይ?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ጾሙ እየገፋ ሲሄድ መጀመሪያ መብላት ጀመረ፣ ቀጥሎ ከግርጌ ተነሣ፣ የተበላው ጭራውም ጫፉ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ አዲስ ነገር አወጣ።

የፋሲካ ዕለት እማማ የሺ እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ ሲመጡ እናቴ ጠርሙሱን ፊታቸው አስቀመጠች፣ እኔም መስታወቱን አቆምሁ። ፎካሪው ጉንጩን ነፋ። እማማ የሺ አጎንብሰው ብዙ አዩትና ወደ እኔ ዞረው «ይኼም እንዳንቺው እልኸኛ ነው» አሉኝ። እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም። ፎካሪው ከዚያ በኋላ ሌላ ክረምት ከነጭጋጉ ተሻግሮ፣ አርጅቶ ሞተ፤ ብርድ ግን አልገደለውም።

ዛሬ የምኖረው ደብረ ታቦር ነው። ያኔ ማሞቂያችን ዶሮ ነበረች፣ አሁን ቤቴ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አለ፣ አጠገቡም እናቴ ተኝታለች። ከታመመች ቆየች። ጠያቂ ይመጣል፣ ፊቷን ያይና ወደ በር ስሸኘው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዕድሜዋን ጠግባለች፣ አትድከሚ» ይለኛል። «ስለ ዓሣውም እንዲሁ ብለው ነበር» እላለሁ፤ ያልገባው ሳይገባው ይሄዳል። ተመልሼ ውሃው ለብ ማለቱን በክንዴ እለካና ገላዋን አጥባታለሁ፣ ጸጉሯን አበጥርላትና ያንኑ የድሮ መስታወቷን ፊቷ አቆምላታለሁ። እናቴ ትንሽ ታየዋለች፣ ከዚያ ጉንጯን ትነፋለች።