አቶ ነጋሲ ያልጠረጠሯት ሴት

አቶ ነጋሲ የመንጃ ፈቃድ ፈታኝ ነበሩ። ካዛንቺስ ውስጥ ግን የሚፈሩት በሥራቸው ሳይሆን እሁድ ከሰዓት ቴሌቪዥን ፊት ሲቀመጡ ነው።

በዚያን ሰሞን «ማን ጠረጠረ» የሚባል ድራማ ይታይ ነበር። በየሳምንቱ ታሪኩም ሰዎቹም አዲስ ናቸው፤ መጨረሻ ላይ ጥፋተኛ ሆኖ የሚገኘው ግን ሁልጊዜ ማንም ያላሰበው ሰው ነው። ከአቶ ነጋሲ በቀር ማለት ነው። እሳቸው ገና ከጅምሩ "ዘበኛው ነው" ይላሉ፤ ዘበኛው ይሆናል።

"ሰው ሲዋሽ አንገቱ ይደርቃል" ይላሉ። "መሪ ያስጨበጥኩት ሰው ትንሽ ነው እንዴ?"

ድራማውን እሳቸው ቤት እየመጡ የሚያዩት ጎረቤታቸው ወይዘሮ ዙለይካ ተማርረዋል። "አቶ ነጋሲ፣ እባክዎ ዛሬ እንኳን ለራስዎ ይያዙት" ይሏቸዋል። አይይዙትም።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ልደት አስተማሪ ናቸው። አንድ ቀን የድራማው አዘጋጅ ኢያቄም፣ የድሮ ተማሪያቸው፣ ትምህርት ቤት ድረስ መጣ።

"ቲቸር፣ አንዷ ተዋናይ ታማብኛለች። በቃ እርስዎ ይሥሩልኝ።"

"እኔ ደግሞ መቼ ተዋናይ ሆኜ?"

"ስንረብሽ ድምፅዎን እንኳን ሳያነሱ ነበር የሚያስፈራሩን። እኔ የምፈልገው እሱን ነው።"

ወይዘሮ ልደት ቀረጻው ወዳለበት ወሎ ሰፈር ሲሄዱ ለባላቸው "የእድር ስብሰባ አለብኝ" አሉ። አቶ ነጋሲ እድሩ ከመቼ ወዲህ በየቅዳሜው እንደሚሰበሰብ አልጠየቁም።

ድራማው የተላለፈ ዕለት ቤቱ ሞልቷል። አንድ ሀብታም ነጋዴ አልጋው ላይ ተኝቶ ይታያል። በሩ ተከፈተና ነጠላ ያጣፉ ሴትዮ ትኩስ ወተት ይዘው ገቡ።

"ልደት!" አሉ ወይዘሮ ዙለይካ።

ሁሉም ዞረው አዩዋቸው። ወይዘሮ ልደት ብርቱካን እየላጡ ነበር፤ ቀና አላሉም። አቶ ነጋሲ አንዴ ሚስታቸውን፣ አንዴ ቴሌቪዥኑን አዩ። ነጋዴው ሞተ። ፖሊስ መጣ።

"የእህቱ ልጅ ነው" አሉ አቶ ነጋሲ ጉሮሯቸውን ጠርገው።

"ወተቱን ያመጡትስ?" አሉ ወይዘሮ ዙለይካ።

"ልደት? እኔ አላውቃትም እንዴ? ዝንብ እንኳን አትገድልም።"

የእህቱ ልጅ ተይዞ ተለቀቀ። ሸሪኩም ተለቀቀ። በመጨረሻ ሴትዮዋ መርማሪው ፊት ተቀምጠው፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ ወተቱ ውስጥ ምን እንደጨመሩና ለምን እንደጨመሩ ተናገሩ። አንገታቸው አልደረቀም። ወይዘሮ ዙለይካ እስኪያልባቸው ሳቁ፤ ያን ያህል ያሳቃቸው ግን ድራማው ብቻ ሳይሆን የአቶ ነጋሲ መሳሳትም ነበር።

እንግዶቹ ሲሄዱ አቶ ነጋሲ ቴሌቪዥኑን አጠፉ።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህ መጨረሻውን ለሰፈሩ ታወራው ነበራ።"

ይህን መካድ አልቻሉም። የከነከናቸው ግን ሌላ ነበር። "ትወና የት ተማርሽ?"

"ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት እሠራ ነበር። አባቴ ከለከለኝ፤ ተውኩት።"

"ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ስንኖር አልነገርሽኝም።"

"አልጠየቅከኝም፣ ነጋሲ።"

አቶ ነጋሲ ተነስተው ኮታቸውን ለበሱ። ገና አልመሸም ነበር። "እስከ ኡራኤል በእግራችን እንሂድና ከመጀመሪያው ንገሪኝ" አሉ። ወይዘሮ ልደት በመንገድ ላይ ሁሉንም ነገሯቸው፤ ስለ መጀመሪያው ቴያትር፣ ስለ አባታቸው፣ ተደብቀው ስላለቀሱት ለቅሶ። አቶ ነጋሲ አንዴም ሳያቋርጡ ሰሟቸው።