ስድስት ቤት በሦስት ቀለም

ሐረር ጀጎል ውስጥ የኪራይ ክፍል ማግኘት ገነት ውስጥ ቦታ ከመያዝ ይከብድ በነበረበት ዘመን፣ ክፍሌን በገዛ አፌ ላጣው ነበር። የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ። አከራዬ የሞሰብ ስፌት የሚሰፉ የሐረሪ እናት ናቸው፤ እንደ ግቢው ሰው በአክብሮት «አባይ» እላቸዋለሁ። ስድስት ቤት አላቸው። አምስቱ ክብ ሠርተው፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው የእኔን መሃል አስገብተዋታል፤ እሷም አምስቱንም ትነካለች።

ለኢድ ቤት ሲቀባ የሚነካኩ ቤቶች አንድ ቀለም አይቀቡም፤ የግቢው ሴቶች ሕግ ነው። ፈረስ መጋላ ያለው ሱቅ ደግሞ የቀረው ነጭ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ብቻ ነው።

«ይበቃል» አልኩ። «የዓለም ሊቃውንት ለማንኛውም ካርታ አራት ቀለም ይበቃል ብለው ይገምታሉ፤ እስካሁን ግን ማረጋገጥ አቅቷቸዋል። ለስድስት ቤት ሦስት ይተርፋል። ካልበቃ ክፍሉን ለቅቄ እወጣለሁ።»

«ወላሂ ሰምቻለሁ» አሉ አባይ። ጎረቤቱም ሰማ።

ሦስት ቀን ቤቶቹን በጠመኔ እየሳልኩ ሞከርኩ። የጨረስኩት ጠመኔ ከከተማው በላይ የቆመውን ሐኪም ጋራን ከአናቱ እስከ እግሩ ነጭ ያለብሳል። አንዱን ቤት ሳቃና ሌላው ይበላሻል። በአራተኛው ቀን መሞከሬን ትቼ ለምን እምቢ እንደሚል መረመርኩ። ገባኝ።

«አባይ፣ አይቻልም።»

«አቃተኝ በል እንጂ። ሻንጣህን ላውርድልህ?»

«እኔን ብቻ አይደለም፣ ማንንም ያቅተዋል። ላሳይዎት።»

«የተሸነፈ ሁሉ እንዲህ ይላል። እሺ፣ ካሳየኸኝ ትቀመጣለህ። ካላሳየኸኝ ከኢድ በፊት ትወጣለህ።»

ከሚሰፉበት ባለቀለም አክርማ አንድ ነጭ መዝዤ መሃል አስቀመጥኩ። «ይቺ የእኔ ቤት ናት። አምስቱ ስለሚነኳት ነጭ አይገባቸውም።» ዙሪያዋን ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ደረደርኩ። አምስተኛዋ እጄ ላይ ቀረች፤ በአንድ ጎኗ አረንጓዴ፣ በሌላው ሰማያዊ ይጠብቃታል።

«የአንተን ብንቀይራትስ?»

«የፈለጉትን ያድርጓት። ለአምስቱ ምንጊዜም ሁለት ቀለም ነው የሚተርፈው።»

አባይ ጎንበስ ብለው አክርማዎቹን በጣታቸው ዞሩ። «ጎዶሎ ዙር በሁለት ቀለም አይገጥምም» አሉ። «ይህንንማ ስፌት ከያዝኩ ጀምሮ አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ ሦስት ቀን ሙሉ ለምን ዝም አሉኝ?»

«አልጠየቅኸኝማ።»

አምስቱ ቤቶች በሦስቱ ቀለም አማሩ። የእኔዋ ከነጭቃዋ ቀረች። በዚያ ኢድ ከሐረር ቤቶች ሁሉ አስቀያሚ በሆነችው ቤት ደጃፍ ወንበር አውጥቼ፣ የመጣውን እንግዳ ሁሉ ለምን እንዳልተቀባች አስረዳሁ።